ሣጥኑ የእኔ፣ ቁልፉ የሌላ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሙዚቃ በማቀናበር የሚተዳደር ወዳጄን ለመጠየቅ ወደ ስቱዲዮው ጎራ አልኩ። ስቱዲዮ ይባል እንጂ ነገሩ ከግቢ ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት ናት፤ ግድግዳዋ በአሮጌ ምንጣፍና በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ። አንዲት ወጣት ድምፃዊት ጥግ ይዛ የቀዘቀዘ ሻይዋን ታማስላለች። ወዳጄ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጧል።

«ምን ሆናችኋል?» አልኩ።

«ፈቃድ እየጠበቅን ነው» አለኝ።

እኔ የዋሁ የቀበሌ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ፈቃድ የከለከለው ማቀናበሪያው ራሱ ነው! ወዳጄ ውጭ ሀገር ያለች እህቱን አስቸግሮ፣ በእሷ ካርድ በደኅና ዶላር የገዛው ፕሮግራም፣ «የአንተ መሆኔን ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘኝ» ብሎ ተቆልፏል። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ድምፃዊቷ በማግስቱ ወደ ክፍለ ሀገር ተጓዥ ነች።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሳስብ የነበረው ስለ ክራር ነው። ክራር ያለው ሰው ጅማቱ ቢበጠስበት ሌላ ጅማት ይወጥራል። ቢቸግረው ይሸጠዋል፤ ቢሞት ልጁ ይወርሰዋል። ክራሩን የሠራው ባለሙያ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሩን አንኳኩቶ «በዚህ ክራር አምባሰል መጫወት ትችላለህ፤ ለባቲ ግን ተጨማሪ ትከፍላለህ» አይለውም። ታዲያ የሙዚቃ መሣሪያ ባለቤቱን «ማን ነህ?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በ1977 ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኤም ሲ 8» የሚል ስም የሰጠውን ሣጥን አወጣ። ሐሳቡ የተወለደው ራልፍ ዳይክ የተባለ ካናዳዊ ሙዚቀኛ ለራሱ ከሠራው መሣሪያ ነው። ሣጥኑ ዜማን በተርታ ይዞ መልሶ ለሲንተሳይዘር የሚያዝ፣ ዛሬ ሴክዌንሰር የምንለው ዓይነት ነበር። ነገር ግን የፒያኖ ቁልፍ የለውም። ያለው እንደ ሒሳብ ማሽን ያሉ ቁጥሮች ናቸው። ሙዚቀኛው ለእያንዳንዷ ድምፅ ከፍታዋን በቁጥር፣ እስከ ቀጣይዋ ድምፅ ያለውን ጊዜ በቁጥር፣ ድምፅዋ የምትቆይበትን ርዝመት በቁጥር ያስገባል። የአንዲት ዘፈን መግቢያ የአንድ ሱቅ የዓመት ሒሳብ ያህል ያደክማል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ መብራት ቢጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ማዳኛው ቁጥሮቹን በካሴት ላይ መቅዳት ብቻ ነበር። የሎው ማጂክ ኦርኬስትራ የተባለው የጃፓን ቡድን ይህን ሣጥን መድረክ ላይ ሳይቀር ሲጠቀም፣ ሂዴኪ ማትሱታኬ የተባለ ባለሙያ ሥራው ሣጥኑን መመገብና መቆጣጠር ነበር። ለአንድ መሣሪያ አንድ ሎሌ እንደ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ብስጭት ከዛሬው የተለየ ነበር። ሣጥኑ ያደክማል እንጂ ማንነትህን አይጠይቅም። ትልቁ ችግር ሣጥኖቹ እርስ በርሳቸው አለመግባባታቸው ነበር። አንዱ ኩባንያ አንዲቷን ምት በ24 ይከፍላታል፤ ሌላው በ48፣ ሦስተኛው በ96። የድምፅ ከፍታን በኤሌክትሪክ የሚነግሩበት መንገድም አንድ አልነበረም። የሮላንድን ሣጥን ከኮርግ ሲንተሳይዘር ጋር ለማጋባት የፈለገ ሰው ብየዳ የሚያውቅ ጎረቤት ሊኖረው ይገባ ነበር። ሁሉም ኩባንያ ደንበኛው ከእሱ ቤት እንዳይወጣ አጥሩን ያጠብቃል።

ይህን አጥር ያፈረሱት ሁለት ሰዎች የሠሩትን ሥራ በደንብ ማውሳት ይገባል። አንዱ የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ነው። ሁለተኛው ፕሮፌት 5 የተባለውን ዝነኛ ሲንተሳይዘር በ1978 የሠራው አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ነው። ሁለቱ በገበያ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ስሚዝ ከባልደረባው ከቼት ዉድ ጋር ሆኖ በ1981 ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ አንድ ጽሑፍ አቀረበ፤ ሁሉም መሣሪያ የሚነጋገርበት አንድ ቋንቋ ይኑር የሚል። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ የስሚዝ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 በአንድ ሽቦ ተያያዙ። አንዱን ሲነኩት ሌላው ጮኸ። ሚዲ የሚባለው ቋንቋ የተወለደው ያኔ ነው።

የሚዲ ቴክኒክ ብዙም አይደንቅም። አምስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት፣ በሴኮንድ 31,250 ቢት የሚያስኬድ ቀጭን መንገድ፣ 16 መሥመር፤ በቃ። የሚደንቀው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ አልጠየቁበትም። የፈለገ ኩባንያ ሁሉ ያለ ክፍያ፣ ያለ ፈቃድ ሚዲን በመሣሪያው ውስጥ አስገባ። በዚያው በ1983 ያማሃ ያወጣው ዲ ኤክስ 7 የተባለ ኪቦርድ ሚዲን ይዞ ወጣ። የሚገርመው፣ ያ ኪቦርድ ድምፅ የሚያወጣበት ዘዴ ራሱ የፈቃድ ጉዳይ ነበር። ዘዴውን ያገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ1977 የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ለያማሃ አከራየው፤ በዚህም ብዙ ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ልብ በሉ፤ ያን ክፍያ የከፈለው ፋብሪካው ነው። ኪቦርዱን ገዝቶ ወደ ቤቱ የወሰደው ሙዚቀኛ ስለ ስታንፎርድ አንድም ቀን ሳይሰማ ሊሞት ይችላል። ፈቃድ የፋብሪካና የፋብሪካ ጉዳይ ነበር።

ስሚዝ በልግስናው አልከበረም። ኩባንያው በ1987 በያማሃ እጅ ገባ። በ2013 ግን እሱና ካኬሃሺ ለሚዲ የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀበሉ። በ2015 ደግሞ ያማሃ የድሮውን የኩባንያ ስሙን ለስሚዝ በነፃ መለሰለት፤ በዚህ ነገር አሮጌው ተፎካካሪ ካኬሃሺ አማላጅ ነበር። ካኬሃሺ በ2017፣ ስሚዝ በ2022 አረፉ። ያች ባለ አምስት ቀዳዳ ሶኬት ዛሬም በአዳዲስ መሣሪያዎች ጀርባ ላይ ትገኛለች።

አሁን ወደ ሌላ አሜሪካዊ እንለፍ፤ ሮጀር ሊን ይባላል፤ ጊታር ተጫዋች ነው። ኤሪክ ክላፕተን ከተጫወታቸው ዘፈኖች አንዱን ከሌላ ሰው ጋር የደረሰው እሱ ነው። ከበሮ መቺ ቤቱ ድረስ ማምጣት ስለሰለቸው፣ የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ የቀዳ ማሽን ሠራና በ1980 ለገበያ አቀረበ። በ1984 ደግሞ «ሊን 9000» የተባለውን አወጣ፤ ከበሮም ሴክዌንሰርም በአንድ ሣጥን። ትልቅ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ገና ሳይበስል ወጣ። ማሽኑ በሥራ መሐል ይደነዝዛል፤ ቀረጻ ያቋርጣል። ኩባንያው በ1986 ተዘጋ። በእኔ ግምት ይህ በታሪካችን ውስጥ አንድ ምዕራፍ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያ በጅማት መበጠስ ሳይሆን በፕሮግራም ስሕተት ሊሞት እንደሚችል ሙዚቀኛው የተማረው ያኔ ነው። ጅማቱን ራሱ ይቀጥላል፤ ፕሮግራሙን ግን ማን ይቀጥልለት?

ሊን ተስፋ አልቆረጠም። አካይ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ጋር ሆኖ በ1988 «ኤም ፒ ሲ 60»ን ሠራ። 16 የጎማ መምቻዎች አሉት፤ በጣት ሲመቷቸው ይናገራሉ። ሜሞሪው ለ13 ሴኮንድ ያህል ድምፅ ብቻ ይበቃ ነበር። የአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ወጣቶች በዚያች 13 ሴኮንድ ውስጥ የሠሩትን ዓለም ሰምቶታል። የዲትሮይቱ ጄ ዲላ ይጫወትበት የነበረው ኤም ፒ ሲ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ በ2006 በለጋነቱ ሞቷል።

የዚህን ሣጥን አንድ ምሥጢር ላውጋችሁ፤ እኛንም ስለሚነካ ነው። ሊን ምትን በአራት እኩል ክፍል ከከፈለ በኋላ ሁለተኛዋንና አራተኛዋን ጥቂት የሚያዘገይ ማስተካከያ አስገባ። በመቶኛ ይለካል፤ 50 ሲሆን ምቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከፍ እያደረጉት ሲሄዱ ማሽኑ እንደ ሰው ይወዛወዛል። ጥሩ ነው፤ ግን መነሻው ያው አራት ነው። ሴክዌንሰሮች በአብዛኛው የተሠሩት ባለ 16 እርምጃ፣ አራት ጊዜ አራት ሆነው ነው። የእኛ ችክችካ ደግሞ ምቱን በሦስት የሚከፍል፣ ስድስት በስምንት የሚቆጠር ነው። ችክችካን ባለ 16 ሣጥን ውስጥ ለማስገባት የሞከረ ሰው ምቱ ሲያነክስበት ያያል። የባሰው ደግሞ «ላስተካክልልህ» የሚለው ማሽን ነው፤ በጣት የተመታውን ምት አንሥቶ በአቅራቢያው ካለው የአራት ክፍልፋይ ላይ ይለጥፈዋል። ትከሻ ሊያነቃንቅ የነበረው ሙዚቃ የወታደር ሰልፍ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሣጥኑን ወደ 12 እርምጃ ማዞር። በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲ አር 808 እንኳ ለዚህ የሚሆን ማዞሪያ ነበረው። ቢሆንም ማዞሪያው ለምን እንደተቀመጠ የሚነግር ሰው ሳይኖር፣ የእንግሊዝኛ መመሪያው ጠፍቶ፣ መሣሪያው ከሦስተኛ እጅ ሲደርስ ምን ይደረጋል? ትላልቆቹ ባንዶች ተበትነው ኪቦርድ ብቻውን በቀረበት ዘመን ከተቀዱት ካሴቶች አንዳንዶቹን ሳዳምጥ፣ ጥፋቱ የአቀናባሪው ሳይሆን የዚያች ያልተነካች ማዞሪያ ይመስለኛል። ብሳሳት ይታረመኝ።

ፈቃድ ጠያቂው ዘመን የገባው በኮምፒውተር ነው። በ1985 አታሪ የተባለው ኩባንያ የሚዲ ሶኬት በገላው ላይ የተሠራለት ኮምፒውተር አወጣ፤ በማግስቱ ዓመት አንድ ሜጋባይት ሜሞሪ ያለውን በ999 ዶላር ሸጠ። ሙዚቀኛው ዜማውን በስክሪን ላይ እያየ መቁረጥና መቀጠል ቻለ። ከኤም ሲ 8 ቁጥሮች በኋላ ይህ ገነት ነበር። በጀርመን ሀምቡርግ ሁለት ተፎካካሪዎች ተነሡ፤ ስታይንበርግ በ1989 ኩቤዝ የተባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ ሲ ላብ ኖቴተር የተባለውን ይሸጥ ነበር።

ነገር ግን ፕሮግራም በፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው፤ ፍሎፒ ደግሞ በደቂቃ ይገለበጣል። አንድ ሰው ገዝቶ ለሠፈሩ ሁሉ ያድላል። ስለዚህ ዶንግል የሚባለው ነገር መጣ። በአታሪው ጎን የሚሰካ አነስተኛ ፕላስቲክ ነው፤ ድምፅ አያወጣም፣ ምት አይቆጥርም። ሥራው «አዎ፣ ይህ ሰው ከፍሏል» ብሎ መመስከር ብቻ ነው። ምስክሩ ከተነቀለ ፕሮግራሙ አይሠራም፤ ከጠፋም የተገዛው ፕሮግራም አብሮ ጠፋ።

ፕሮግራም ሠሪዎቹን መውቀስ ብቻ አግባብ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ሆነው ዓመታት የለፉበት ሥራ ነው፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። ካሴቱ ተገልብጦ መርካቶ ውስጥ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥበት ያለቀሰ ድምፃዊ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። የማይዋጥልኝ አንድ ነገር ነው፤ ዶንግሉ የሚቆልፈው የከፈለውን ሰው መሆኑ። ሌባው ቁልፉ የተሰበረለትን ቅጂ ያለ ዶንግል፣ ያለ ኢንተርኔት ይጫወትበታል። የእኛ ከተማ ስቱዲዮዎች በምን ዓይነት ቅጂ ሲሠሩ እንደኖሩ የሙያው ሰዎች ያውቁታል፤ ከዚህ ሀገር በካርድ መክፈል የነበረውን ችግር የሚያውቅም በቀላሉ አይፈርድባቸውም። ወዳጄ ሕጋዊ ልሁን ብሎ በተነሣ ነው ያች ቅዳሜ የደረሰችበት።

ከዶንግሉ የባሰው ግን የኩባንያዎቹ ሞት ነው። ኦፕኮድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990 የሚዲ ዜማንና የተቀዳ ድምፅን በአንድ ስክሪን ላይ ያገናኘ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። በ1998 የጊታር ፋብሪካው ጊብሰን ገዛው፤ በዓመቱ ሥራው ቆመ። የሲ ላብ ሰዎች ያቋቋሙትን ኢማጂክን በ2002 አፕል ገዛውና ሎጂክ የተባለው ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ እንዲቆም አደረገ፤ ደንበኛው ወይ ኮምፒውተሩን ወይ ፕሮግራሙን መቀየር ነበረበት። ጊብሰን በ2013 ደግሞ ኬክዎክ የተባለውን ገዛ። ይህ ኬክዎክ በ2016 ለደንበኞቹ «የዕድሜ ልክ» ማሻሻያ ሸጠ። በኅዳር 2017 ጊብሰን የፕሮግራሙን ሥራ አቆመ። ዕድሜ የተባለው የደንበኛው ሳይሆን የፕሮግራሙ ኖሯል! ደግነቱ በ2018 ባንድላብ የሚባል የሲንጋፖር ኩባንያ ገዝቶት በነፃ ለቀቀው።

በ2023 መጋቢት ዌቭስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የድምፅ ማሻሻያ ፕሮግራሞቹን ከእንግዲህ አልሸጥም፣ በየወሩ ማከራየት ብቻ ነው አለ። ከዓለም ዙሪያ የተነሣው ጩኸት እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ መሸጡን ቀጠለ። ስታይንበርግ በበኩሉ በ2022 ኩቤዝን ከዶንግል ነፃ አወጣ፤ በ2025 የአሮጌዎቹን ዶንግሎች አገልግሎት ዘጋ። ዶንግሉ በእጁ ያለ ሰው ይሠራለት ይሆናል፤ ቢሰበርበት ግን የሚተካለት የለም።

እዚህ ላይ አንድ የእኛን ሰው ላንሣ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን። የባንዱን ቦታ ማሽን ተካው። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በ2013 ያ ካሴት በአንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ታትሞ ወጣ፤ ኃይሉም በዓለም መድረክ ላይ ተመለሰ። ካሴቱ 28 ዓመት ተኝቶ ሲነሣ የጠየቀው ማጫወቻ ብቻ ነው። በሞተ ፕሮግራም ውስጥ የተቀመጠ ቅንብር 28 ዓመት ቆይቶ ይከፈታል ወይ? በ1988 የተስማሙበት የሚዲ ፋይል ዜማውን ይዞ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ያሻግራል፤ የድምፁን ቀለም ግን አያሻግርም። እንደ ኖታ ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ሙዚቀኛ ወደ ሣጥን ቢመለስ አይፈረድበትም። አካይ ራሱ ይህን አይቷል፤ በ2012 ያወጣው ኤም ፒ ሲ ያለ ኮምፒውተር የማይሠራ ሆኖ ብዙ ተጉረመረመበት፤ በ2017 ብቻውን የሚሠራውን መለሰ። ከዚያ በፊትም አንድ ደስ የሚል ነገር ሆኗል። በ2003 የወጣውን ኤም ፒ ሲ 1000 የፋብሪካ ፕሮግራም ያልወደዱ ሙዚቀኞች፣ «ጄ ጄ» በሚል ፊደል ብቻ የሚታወቅ ሰው የጻፈውን ሌላ ፕሮግራም እየገዙ ጫኑበት። ጅማት የሚቀጥል ተገኘ ማለት ነው! ሆኖም አዲሶቹ ሣጥኖች ውስጣቸው ያው ኮምፒውተር ነው፤ ተጨማሪ ድምፆች ለየብቻ ይሸጡባቸዋል፣ በኢንተርኔት አካውንት ይከፈታሉ። ቁልፉ ተከትሏቸው ገብቷል።

ወዳጄ ያን ቀን ምን አደረገ? ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አቧራ የለበሰ አሮጌ የምት ማሽን ጎትቶ አወጣ። ሲሰካው ባዶ ነው። በውስጡ ያለችው አነስተኛ ባትሪ ሞታ፣ ለዓመታት ያጠራቀመው ምት ሁሉ ጠፍቷል። እኔ «ይኸውልህ፣ ይሄም አልዳነህም» ልለው ስል፣ ከመሳቢያው አንድ የተቀዳደደ ደብተር አወጣ። በየገጹ 12 ነጠብጣብ በተርታ፣ አንዳንዱ ላይ የመስቀል ምልክት። ችክችካዎቹን በእርሳስ ጽፏቸዋል። እያነበበ አንድ በአንድ አስገባቸው፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ድምፃዊቷ ሻይዋን ትታ ተነሣች።

ኢንተርኔቱ ሰኞ ከሰዓት መጣ። ባትሪዋን ደግሞ ፒያሳ ካለ ሰዓት ሠሪ ዘንድ አስቀይሯል።